ሠራዊቱ የማን ነው?

እንድናገር ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ርዕስ በነፃ ኅብረተሰብ ውስጥ የሠራዊት ተገቢ ቦታ የት እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ጥያቄውን በአደባባይ ለማንሣት በመድፈራችሁ አመሰግናችኋለሁ። እኛ አገር ስለ ወታደር የሚነገረው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። አንዱ ባንዲራ በሚውለበለብበትና ማርሽ በሚሰማበት ቀን የሚቀርብ ውዳሴ ነው። ሌላው በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ፍርሃት ነው። ወታደሩን ሳይጠላም ሳያመልክም ቁጭ ብሎ የሚመረምር ንግግር ብዙ አላደረግንም። ዛሬ ማታ የምሞክረው እሱን ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፤ እየመላለስሁ አነሣዋለሁና ታገሡኝ። ሠራዊት የሕግ ታዛዥ እንጂ የገዢ ንብረት አይደለም። ገዢ ሠራዊቱን የግሉ ባደረገው ቁጥር ሠራዊቱም በተራው አገሪቱን የግሉ ማድረግን ይማራል። መፈንቅለ መንግሥት በተነሣ ቁጥር ጣታችንን የምንቀስረው በመኮንኖቹ ላይ ነው። መኮንኖቹ አይጠየቁ አልልም። ነገር ግን ታንኩ ከጦር ሰፈሩ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት በሩን የከፈተለት ሰው አለ፤ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወታደር ልብስ አልለበሰም። ማስረጃዬን በመጀመሪያ ከራሳችን ታሪክ፣ በተለይም ከ1953 እስከ 1983 ዓ.ም. ካለው ሠላሳ ዓመት አቀርባለሁ። ቀጥሎ ወደ ፖርቱጋልና ወደ ጎረቤታችን ሱዳን እሻገራለሁ። ከዚያ ከዚህ አዳራሽ ሊነሡብኝ የሚችሉትን ተቃውሞዎች ለመመለስ እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ግን ወደ ኋላ ራቅ ብለን እንይ። በኢትዮጵያ ታሪክ ተራው ሰው ወታደርን ያወቀው በጠላት ላይ ሲዘምት ብቻ አይደለም። ለዘመናት ወታደሩ መደበኛ ደሞዝ አልነበረውም። ሲዘምት በመንገዱ ያገኘውን ይበላል፤ ሳይዘምት በገበሬው ቤት ይሠፍራል፤ ባልየው ከጎተራው እየቀነሰ፣ ሚስትየዋ እየፈጨችና እየጋገረች ያኖሩታል። አፄ ቴዎድሮስ ለወታደሩ ደሞዝ ከፍለው ዘረፋውን ለማስቀረት ሞክረዋል። አፄ ምኒልክ ገበሬው አሥራት እንዲከፍልና ወታደር በቤቱ መሥፈሩ እንዲቀርለት ደንግገዋል። ሁለቱም የተረዱት ነገር ግልጽ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ሰው መተዳደሪያው በሕግ ካልተወሰነለት የሚኖረው መሣሪያ በሌለው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ሠራዊትን በሕግ ማሰር ከፈረንጅ የተቀዳ ሐሳብ ነው የሚለኝ ካለ ከወዲሁ ልመልስለት። ጥያቄው ከኛው ገበሬ ጓዳ የወጣ ነው።

ወደ ዘመናዊው ሠራዊት ልለፍ። አነሣሡ የሚያኮራ ነው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች ተደራጀ። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ድረስ ዘምቶ ስሙን አስጠራ። የጎደለው ሥልጠናም ጀግንነትም አልነበረም። የጎደለው የታማኝነት አድራሻ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የጦር ኃይሉን የማዘዝና መጠኑን የመወሰን ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ፓርላማ ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። ፓርላማው ስለ ጦር ሰፈር አስተዳደር ሚኒስትሩን አቁሞ የሚጠይቅበት ልማድም አልተተከለም። መኮንኑ የሚታመነው ለዙፋኑ ነው። በዚያ ላይ ቤተ መንግሥቱ ክብር ዘበኛን ከምድር ጦር ለይቶ አሳደገ፤ አንዱ ለሌላው ማመዛዘኛ እንዲሆን።

ማመዛዘኛው ያዘለውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ፣ ሊጠብቃቸው የተቋቋመው ጦር በአዛዡ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ መሪነት ተነሣባቸው። ምድር ጦርና አየር ኃይል ሙከራውን በውጊያ አከሸፉት። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ታላላቅ ሰዎች ተገደሉ፤ ጄኔራል መንግሥቱም በፍርድ ተሰቀሉ። የታኅሣሡ ግርግር ብዙ ተጽፎበታል። እኔ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ብዙም የማይነሣውን፣ ከግርግሩ ቀጥሎ የመጣውን ነገር ነው። ንጉሡ ወደ ዙፋናቸው የተመለሱት በሠራዊቱ ጉልበት ነበር፤ ሠራዊቱም ይህን አወቀ። ብዙ ሳይቆይ ወታደሩ የደሞዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ አገኘም። ያ ጭማሪ በበጀት ክርክር፣ በሕግና በሥርዓት የመጣ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ያለ ጦር ሰፈሩ መቆም እንደማይችል ሁለቱም ወገኖች ስላወቁ የመጣ ነው። የ1966ቱ ትምህርት የተጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች አመፁ። ያመፁት ሥርዓት ለመለወጥ አይደለም፤ ስለ ምግብና ስለ ውኃ ነው። የሚበሉት የተበላሸ፣ የሚጠጡት ውኃም ለጤና የማይሆን ነበር። አቤቱታቸውን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ይህን ድርጊት እንደ ድፍረት ብቻ ማየት ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። አንድ ተራ ወታደር ውኃው ቆሻሻ ነው ብሎ የሚናገርበት ሕጋዊ ጆሮ በአገሪቱ ሁሉ አልነበረም። ወደ አለቃው ቢያመለክት አለቃው ራሱ ተከሳሽ ነው። ወደ ፓርላማ መሄድ አይታሰብም። ፍርድ ቤት በሩን አያውቀውም። የቀረው መንገድ ጄኔራል መያዝ ነበር። በየካቲት ደብረ ዘይትና አሥመራ ተከተሉ፤ ደሞዝ ተጨመረ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ወታደሩ ጄኔራል ቢይዝ ምግብ እንደሚሻሻልለት፣ ከተማ ቢይዝ ደሞዝ እንደሚጨመርለት፣ ትንሽ ገፋ ቢያደርግ ደግሞ መንግሥት እንደሚለወጥለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተማረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነውና። ምዕራብ ጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠራዊቷን እንደገና ስታቋቁም የናዚን ዘመን ጥፋት እያሰበች ነበር። ፓርላማው ከመደባቸው ሹመቶች አንዱ የወታደሮች አቤቱታ ሰሚ ነው። ማንኛውም ወታደር የእዝ ሰንሰለቱን ሳይጠብቅ በቀጥታ ሊጽፍለት ይችላል፤ ይህን በማድረጉም ሊቀጣ አይችልም። ሹሙ ጦር ሰፈር ገብቶ ይመረምራል፤ ለፓርላማው በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይታተማል። ስለ ምግብ፣ ስለ መኝታ፣ ስለ አለቆች በደል፣ ስለ መሣሪያ እጥረት ሁሉ ይጻፍበታል። ይህ ለወታደሩ የተደረገ ቸርነት ብቻ አይደለም። የወታደሩ ብሶት በሕግ በር ከወጣ በጠመንጃ አፈሙዝ መውጣት አያስፈልገውም። ነገሌ ላይ እንዲህ ያለ በር ቢኖር አብዮቱ አይመጣም ነበር አልልም፤ ርሃቡም፣ የመሬቱም ጥያቄ፣ የነዳጁም ዋጋ ነበረና። ነገር ግን አብዮቱን ወታደሩ ባልመራውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የወታደሮቹ ኮሚቴ፣ ደርግ፣ ተቋቋመ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ሥልጣኑን የሚረከብ የተደራጀ ሲቪል ኃይል አልነበረም፤ ማንም እንዲደራጅ አልተፈቀደለትምና። ለሃምሳ ዓመት ገደማ ዙፋኑ ከራሱ ጎን ሌላ የቆመ ነገር እንዳይኖር ሲጠነቀቅ ስለነበር፣ ዙፋኑ ሲወድቅ ቆሞ የተገኘው በሠልፍ መቆም ሥራው የሆነው ብቻ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉትን ስድሳ ያህል ሰዎች እናስታውሳለን፤ ከነሱ መካከል ብዙ መኮንኖችም ነበሩ። የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም የሞቱት በዚያው ዕለት ነው። ተከታያቸው ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በጥር 1969 ዓ.ም. በራሱ በደርጉ ተገደሉ። ለጊዜው ነው የተባለው ወታደራዊ አስተዳደር ስሙን ለውጦ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ቆየ።

ሠራዊት ሥልጣን ሲይዝ የመጀመሪያው ተጎጂ ሕዝብ ነው፤ ይህን መድገም አያስፈልገኝም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የቀይ ሽብር ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ተጎጂ ራሱ ሠራዊቱ መሆኑ ነው። በደርግ ዘመን ከጦር አዛዡ ጎን የፖለቲካ ካድሬና የደኅንነት ሰው ተመደቡ። አዛዡ ከፊቱ ያለውን ጠላት ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የሚጽፍበትን ሰውም ማየት ጀመረ። በ1980 ዓ.ም. በኤርትራ ግንባር የናደው እዝ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥት ትእዛዝ ተረሸኑ። ከሳምንታት በኋላ፣ በመጋቢት፣ አፍአበት ወደቀች፤ ያ ትልቅ እዝም ተደመሰሰ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ ተነሡ፤ ከሸፈባቸው፤ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ዐምሃ ደስታ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። በ1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ያሠለጠነቻቸው መኮንኖች፣ ሆለታና ሐረር ያወጧቸው ሰዎች፣ በጠላት ጥይት ሳይሆን በራሳቸው መንግሥት እጅ አለቁ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠረው ሠራዊት ተበተነ። በየመንገዱ በወታደር ካፖርት ሲለምኑ ያየናቸው ሰዎች ትናንት ለአገር ዳር ድንበር የተሰለፉ ነበሩ። ያ የደረሰባቸው ሠራዊቱ የአንድ ሥርዓት ንብረት ተደርጎ በመቆጠሩ ነው፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ አብሮ ተጣለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ፣ ወደ ሌሎች አገሮች ልሻገር። የኛ አብዮት በፈነዳበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1974፣ የፖርቱጋል ካፒቴኖች በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በጊኒ ቢሳው ያለው የቅኝ ግዛት ጦርነት አሰልችቷቸው ለአሥርት ዓመታት የቆየውን አምባገነን ሥርዓት ገለበጡ። ሁለቱን ማነጻጸር ያስተምራል። ፖርቱጋላውያኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫ እናደርጋለን ብለው ቃል ገቡ፤ በዓመቱ በዚያው ቀን የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ተደረገ፤ ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። በ1976 ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ልዩነቱ የመኮንኖቹ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። እዚያ በስደትም በሕቡዕም ቢሆን የቆዩ ፓርቲዎች ነበሩ፤ መሪዎቻቸው በቀናት ውስጥ ሊዝበን ገብተው ሥልጣኑን ጠየቁ። እንዲያም ሆኖ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1975 ሠራዊቱ እርስ በርሱ ሊተላለቅ ተቃርቦ ነበር። መኮንኖቹ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ለራሳቸው ምክር ቤት አስቀርተው ነበር፤ ያ ምክር ቤት የተሻረው በ1982 ነው። ለነፃነት ብሎ የወጣ፣ ቃሉንም የጠበቀ ሠራዊት እንኳ ሙሉ በሙሉ ወደ ጦር ሰፈሩ ለመመለስ ስምንት ዓመት ፈጀበት።

ሱዳንን የማነሣው ጦርነቱ በር ላይ ስለሆነ፣ በመተማና በኩርሙክ በኩል የሚሻገሩትን ስደተኞች ስለምናያቸው ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ወጣች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 1958፣ ጄኔራል ዓቡድ ሥልጣን ያዙ፤ በሩን የከፈቱላቸውም የፓርላማው ጭቅጭቅ ያስመረራቸው ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ኸሊል ነበሩ። ፖለቲከኛው ተቀናቃኞቹን ለማሸነፍ ወታደሩን ጠራ፤ ወታደሩም መጣ፤ ስድስት ዓመት ቆየ። ከዚያ በ1969 ኑሜሪ፣ በ1989 ኦማር አል በሺር። አል በሺር በወታደር ኃይል ስለመጡ ወታደሩን ፈሩ፤ ስለፈሩትም ሌላ ታጣቂ አሳደጉ። በዳርፉር ከነበሩት ሚሊሻዎች በ2013 ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተደራጀ፤ በ2017 በሕግ እውቅና አገኘ። አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነበር ሐሳቡ። በ2019 ሕዝቡ ተነሣ፤ ሁለቱም ኃይሎች አል በሺርን ጣሏቸው። በ2021 ሁለቱም ተባብረው ሲቪሉን መንግሥት አስወገዱ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እርስ በርሳቸው ተኮሱ፤ ካርቱም ፈረሰች፤ ሚሊዮኖች ተፈናቀሉ። የክብር ዘበኛችንን ታሪክ ከዚህ ጋር አስተያዩት። የኒጀርንም ጨምሩበት፤ እዚያም በሐምሌ 2023 ፕሬዚዳንት ባዙምን ያሰሩት የራሳቸው ጠባቂ ኃይል አዛዥ ናቸው።

ከዚህ ጋር ስለ እኛው ዛሬም አንድ ነገር ልበል። ሕገ መንግሥታችን ለክልሎች የሰጠው የፖሊስ ኃይል የማደራጀት ሥልጣን ነው። ከዚያ በላይ የታጠቁት የክልል ልዩ ኃይሎች እያደጉ ሲሄዱ ጥቂቶች ብቻ ጠየቁ፤ ሁሉም የየራሱ ታጣቂ ስለነበረው ዝምታው ጠቀመው። በ2015 ዓ.ም. እንዲፈርሱ ሲወሰን ደግሞ በአማራ ክልል ተቃውሞና ከባድ ግጭት ተከተለ። አንድ አገር ከአንድ በላይ ሠራዊት ሊኖራት አይገባም። ግን ያ አንዱ ሠራዊት የሁሉም መሆኑን ሁሉም ካላመነ ማንም መሣሪያውን በፈቃዱ አያስረክብም።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልመልስ። የመጀመሪያውና ከባዱ ይህ ነው፤ መንግሥት አምባገነን ሲሆን፣ ሕዝብ ሲገደል፣ ሠራዊቱ ዝም ብሎ ይታዘዝ ወይ? በፍጹም አይታዘዝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ወንጀል መሆኑን እያወቀ ትእዛዝ የፈጸመ የበታች ከኃላፊነት እንደማያመልጥ ይናገራል። በሰላማዊ ሰው ላይ ተኩስ የተባለ ወታደር አልተኩስም ማለት ይችላል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አልተኩስም ማለትና ሥልጣኑን እኔ ልያዘው ማለት እጅግ የተራራቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቱኒዚያ ሠራዊት ለፕሬዚዳንት ቤን አሊ ብሎ በሕዝቡ ላይ አልዘመተም፤ ቤን አሊ ሲወድቁም ወንበራቸው ላይ አልተቀመጠም። ሱዳንም ቢሆን በ1985 የተነሣውን ሕዝብ ሰምተው ኑሜሪን ያወረዱት ጄኔራል ሱዋር አል ዳሃብ በዓመቱ ሥልጣኑን ለተመረጠ መንግሥት አስረክበዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ አልክደውም። ግን ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ቃላቸውን ጠብቀው የወረዱት መኮንኖች በጣት ይቆጠራሉ፤ ለጊዜው ነው ብለው ዕድሜ ልክ የቆዩት ግን አህጉራችንን ሞልተዋል። የሕዝብን ዕጣ በአንድ ጄኔራል ደግነት ላይ ማሳደር ነፃነት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፤ ጠላት የከበባት አገር ሠራዊቷን በፓርላማ ጥያቄና በጋዜጣ ትችት ማድከም የለባትም። ለዚህ መልሴ አፍአበት ነው። ያ ሠራዊት ማንም ያልጠየቀው፣ ማንም ያልተቸው፣ በጀቱን ማንም ያልመረመረው ነበር፤ ከዚያም ወደቀ። ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1951 የኮሪያ ጦርነት እየጋመ ሳለ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ጄኔራል ማክአርተርን ሻሯቸው። ጄኔራሉ በአገራቸው እንደ ጀግና ይታዩ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ አልነበሩም። ማክአርተር የመንግሥታቸውን የጦርነት ፖሊሲ በአደባባይ ስለተቃወሙ ነበር የተሻሩት። ኒውዮርክ በታላቅ ሠልፍ ተቀበለቻቸው፤ ኮንግረስ ፊት ቆመው ተናገሩ፤ አንድ ወታደር ግን አልተንቀሳቀሰም። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ ያገኘው ጦር አልተበተነም፤ በሌላ አዛዥ ሥር ውጊያውን ቀጠለ። የትሩማን ውሳኔ በወታደራዊ ስሌት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሊያከራክር ይችላል። አገሪቱን ያጠነከራት ግን ጄኔራሉ ሊሻር መቻሉ፣ ሲሻርም ቤቱ መግባቱ ነው።

ሦስተኛው፣ የውስጥ ሰላም ሲደፈርስ ከሠራዊቱ ሌላ ማን አለ የሚለው ነው። ፖሊስ የሚሠለጥነው ተጠርጣሪን ይዞ ለፍርድ ለማቅረብ ነው፤ ወታደር የሚሠለጥነው ጠላትን ለመደምሰስ ነው። ወታደሩን በከተማ መንገድ ላይ አቁሞ የፖሊስ ሥራ ሥራ ማለት ሕዝቡንም ወታደሩንም መበደል ነው፤ የሠለጠነበት ሥራ በገዛ ወገኑ ላይ ወንጀል ይሆንበታልና። ሕገ መንግሥታችን ይህን አስቦበታል። የመከላከያ ሠራዊት ክልል ውስጥ የሚገባው ክልሉ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ሲጠይቅ ወይም አስቸኳይ ጊዜ በሕግ ሲታወጅ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ እስከ ስድስት ወር፣ ከዚያ በየአራት ወሩ እየታየ የሚታደስ፣ መርማሪ ቦርድ የሚከታተለው ነው። በ2009፣ በ2010፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የታወጁትን አስታውሱ። ኮማንድ ፖስት የሚለው ቃል ለገጠሩም ለከተማውም የዕለት ቃል ሆኗል። ለየት ላለ ጊዜ የተፈቀደ ነገር በየዓመቱ ከተመለሰ የጠፋው ፖሊስና ፖለቲካ ነው፤ ያን ክፍተት ወታደሩ ሊሞላው አይችልም፤ እንዲሞላውም መጠየቅ የለበትም።

ድሃ አገር ነን፣ ተቋሞቻችን ገና ጨቅላ ናቸው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ቦትስዋና ነፃ ስትወጣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከዓለም ድሆች አንዷ ነበረች፤ እስከ 1977 ድረስ ሠራዊት እንኳ አልነበራትም። እስከ ዛሬ መፈንቅለ መንግሥት አላየችም። ሴኔጋልም እንዲሁ። ድህነት ነገሩን ያከብደዋል እንጂ የማይቻል አያደርገውም።

ሕጉ እኛም ጋ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 መሠረት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን አለበት፤ ሠራዊቱ የብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካትታል፤ ተግባሩንም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ያከናውናል። ይህ የተጻፈው የአንድ ግንባር ታጋዮች የአገር ሠራዊት በሆኑበት ጊዜ ስለነበር በጽሑፉና በእውነታው መካከል ያለው ርቀት ከመጀመሪያው ሰፊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚኒስትሮቹ ሲቪል ሆነዋል፤ በ2011 ዓ.ም. አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል። ወንበሩ ላይ ሲቪል መቀመጡ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ሲቪሉ ራሱ ሠራዊቱን ለፓርቲው ጥቅም ካሰማራው አንቀጹ የተጣሰው በወታደሩ ሳይሆን በሲቪሉ ነው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሰጠው ሥልጣን ለዚህ ነው፤ የመከላከያና የጸጥታ ኃይሎች አሠራር ሰብዓዊ መብትንና የአገርን ደኅንነት የሚነካ ሲሆን ምክር ቤቱ ይመረምራል፣ እርምጃም ይወስዳል። ይህን ሥልጣን ምክር ቤቱ በሚገባው መጠን ተጠቅሞበት አላየሁም።

ለወታደሩም የምንከፍለው ዕዳ አለብን። በጊዜው የሚደርስ ደሞዝ፣ ለቆሰለው ሕክምና፣ ለሞተው ቤተሰብ ጡረታ፣ ለተበደለው ፍርድ ይገባዋል። የሞተ ልጃቸውን መርዶ ለዓመታት ያልሰሙ እናቶች ባሉበት አገር ሠራዊቱን እናከብራለን ማለት አይቻልም። መርዶን በወቅቱ መንገር የመንግሥት ግዴታ መሆን አለበት። ወታደሩ ድምፁን እንደ ማንም ዜጋ ይስጥ፤ የወታደር ልብሱን ለብሶ ግን ለማንም አይቀስቅስ፤ ማንም ፓርቲም ጦር ሰፈሩ ገብቶ አይሰብስበው።

ስለዚህ ለዚህ አዳራሽ፣ በተለይም ለሕግ ተማሪዎች፣ አንድ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ተጠሪ የሆነ፣ ተራው ወታደርና ቤተሰቡ የእዝ ሰንሰለት ሳያግዳቸው የሚያመለክቱበት፣ ጦር ሰፈር ገብቶ የመመርመር ሥልጣን ያለው፣ ዓመታዊ ሪፖርቱን በግልጽ የሚያቀርብ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ይቋቋም ብዬ እጠይቃለሁ። ረቂቁን ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባችሁም። የሹሙ አመራረጥ፣ የምስጢር ጉዳዮች አያያዝ፣ ያመለከተ ወታደር ከበቀል የሚጠበቅበት መንገድ፣ ከወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ጋር ያለው ግንኙነት ገና ያልተሠሩ ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ከመካከላችሁ በጦር ሰፈር የኖራችሁ አባቶችና እናቶች ደግሞ እኛ የማናውቀውን ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ መስማት የምፈልገው የእናንተን ነው።